ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ

ናዝሬት ወንድም ኖሯት አያውቅም። እናቷ አንድ ወልዳ፣ አንዷን አሳድጋና አስመርቃ ያረፈች ሴት ናት። ሆኖም በግንቦት ማለቂያ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ባለው ሜዳ ላይ፣ የናዝሬት ወንድም አረፈ ተብሎ የእድር ድንኳን ተተከለ።

ነገሩ የጀመረው በዝናብ ነው። ናዝሬት ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉ ልጆችን የምትሰበስብበት ክበብ ነበራት። ጠዋት ጎፋ አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ትመለስና ልጆቹን ታስጠናለች፣ ታጫውታለች፣ ሲያናድዷትም ትጮህባቸዋለች። ልጆቹ ግማሽ ቀን ተምረው የሚለቀቁ፣ እስኪመሽ ቤታቸው ሰው የማይገባ ልጆች ናቸው። ክበቡ ባይኖር የሚጠብቃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ለወንዶቹ ፑል ቤቱና ድልድዩ ሥር ማስቲሽ የሚስቡት ጎረምሶች አሉ፤ ለሴቶቹ ደግሞ ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልኩት ደላሎች። ክበቡ የሚሰበሰብበትን ክፍል በነጻ የሰጣቸው ሰውዬ ቤቱን ሸጠው። የገዛው ሰው ወዲያው አፈረሰው። ልጆቹ ሜዳው ላይ ድንጋይ ደርድረው ጥቂት ጊዜ ሞከሩ፤ ከዚያ ዝናቡ ገባ፤ ልጆቹም አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ።

መጀመሪያ የቀረችው ሴና ናት። ሴና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናትም አባትም የላትም፤ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ከምትሸጥ አክስቷ ጋር ትኖራለች። ታላቅ እህቷ ሌንሴ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ለጥቂት ወራት ስትደውል ቆይታ፣ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ሴና ከክበቡ ልጆች ሁሉ ጎበዝ፣ ከሁሉም ዝምተኛ ናት። በቀረች በጥቂት ቀን ውስጥ ናዝሬት ከታክሲ ስትወርድ፣ ተራው አጠገብ ከአንድ ደላላ ፊት ቆማ አገኘቻት።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወደ እህቴ አገር ስንት ቀን ያስኬዳል ብዬ እየጠየቅኩት ነው።»

ናዝሬት ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት። አቅፋ አላባበለቻትም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አይሆንላትም። በልቧ ግን አንድ ነገር ቆረጠች። በዚህ ሳምንት ጣሪያ ካላገኘች ይህችን ልጅ ታጣታለች።

ጣሪያውማ አጠገባቸው ነበር። ሜዳው ዳር የእድሩ ዕቃ ቤት አለ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ኩባያው እዚያ ውስጥ ታጭቆ ሰው እስኪሞት ይጠብቃል። እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ናዝሬት ተነሥታ ጠየቀች። ከእናቷ የወረሰችው አባልነት ስላላት የመናገር መብት ነበራት።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ከበበው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እሳቸው ከመንግሥት ቢወጡም መንግሥት ከሳቸው አልወጣም።

«ልጄ፣ ዓላማው ቅዱስ ነው» አሉ። «ደንብ ግን ደንብ ነው። የእድር ዕቃ ያለ ሐዘን ከዚህ በር አይወጣም። ለሠርግ ሲለምኑን ከልክለናል፤ ለክርስትና ከልክለናል። ዛሬ ላንቺ ብፈቅድ ነገ ‹የልጄ ልደት ነው፣ ድንኳን ይውጣልኝ› የሚል ይመጣብኛል።»

«ዝናብ የሚደበድባቸው ልጆች የናንተው ልጆች ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሐዘን ግን አይደለም።»

«ሐዘን ብቻ ነው የሚያስፈልገው?»

«ሐዘን ብቻ።»

«እንግዲያው ወንድሜ ሞቷል» አለች ናዝሬት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳቦ ቤት ያላቸው ጋሽ ጀማሉዲን ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው እጃቸውን አወጡ። «ሊቀመንበር፣ ደንቡ ሬሳ ይታይ ይላል እንዴ? ሰው ሩቅ አገር ሞቶ መርዶው ሲመጣ ድንኳን ተክለን አናውቅም? የልጅቷም መርዶ ነዋ!»

ጋሽ ከበበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸው የሚፈልጉት ደንቡ ሳይጣስ ልጆቹ እንዲጠለሉ ነው፤ አሁን ደግሞ መንገዱ ተገኘ።

«የሟች ስም?» አሉ ኮስተር ብለው።

ናዝሬት ስም አላሰበችም ነበር። «ኤልያቄም» አለች። ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬም አታውቅም። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በሕይወቷ አልገጠማትም፤ አፏን ስትከፍት ቀድሞ የወጣው እሱ ሆነ።

አንዲት ሴት ብቻ አልሳቁም። እትዬ በቀለች የእድሩን ወጥ ቤት የሚመሩ ናቸው። የሰፈሩን ሟች ሁሉ ንፍሮ እሳቸው ቀቅለዋል።

«ሟርት ነው ይሄ» አሉ። «ድንኳን ባዶውን አይተከልም። ሐዘን ካጣ ይጠራል።»

«እትዬ በቀለች፣ ሸራና ብረት እኮ ነው!» አለች ናዝሬት።

«እሺ። የተማርሽው አንቺ፤ እሺ።» ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ድንኳኑ ሰኞ ተተከለ፤ ልጆቹም ተመለሱ። ሴና መጨረሻ ላይ መጣች፤ ግን መጣች።

ናዝሬት ያልጠበቀችው የሰዉን እጅ ነው። ክበቡን ረዱልን እያለች በየብሎኩ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች፤ «እናስብበታለን»፣ «ከጾሙ በኋላ»፣ «ባለቤቴ ሲመጣ» እየተባለች ተመልሳለች። አሁን ድንኳን ያየ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አያልፍም። ጉዳዩን የሚያውቁት የእድሩ ሰዎች እንኳ ከሩቅ እየሳቁ ይመጡና፣ ሸራው ሥር ሲደርሱ ሳቃቸው ይጠፋል፤ ከጀርባቸው ሰሃን ይወጣል። ከሌላ ሰፈር የሚመጡት ደግሞ ምንም አያውቁም። «ያጽናሽ» ይሏታል፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይሏታል፤ የታሸገ ውኃ፣ ሙዝ፣ አምባሻ አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ጋሽ ጀማሉዲን በየቀኑ ትኩስ ዳቦ በጆንያ ይልካሉ። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚፈታ እጅ ለቆመ ሰው ለምን ይታሰራል እያለች ናዝሬት በውስጧ ተበሳጨች፤ ዳቦውን ግን አልመለሰችም።

ሌላም ጥቅም አገኘችበት። ለቅሶ የመጣ ሰው ተቀምጦ ወዲያው አይነሣም፤ ነውር ነው። ናዝሬት ይህን ታውቃለች፤ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ መጽሐፍ ታስይዘዋለች። አንድ የባንክ ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሙሾ የሚያወርድ እየመሰለ ክፍልፋይ ሲያስረዳ ዋለ። ልጆቹም በሹክሹክታ ያጠናሉ። ድንኳን ውስጥ የሚጮህ ሰው የለም።

«ቲቸር» አለ ሚሳኤል፣ አፉ ዝም የማይለው ልጅ፣ ዳቦ እየገመጠ፣ «ወንድምሽን ግን አምናም ብትገድዪልን ምን ነበረበት?»

«ዝም ብለህ ጥያቄ አምስትን ሥራ።»

«ነፍሱን ይማረው፣ እየሠራሁ ነው።»

ለቀስተኞቹ «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ልጆቹ ያሻቸውን ይመልሱ ነበር። ሚሳኤል ባሕር ላይ ሰመጠ ይላል፤ ሰሀር የምትባለው ልጅ አስም ነበረበት ትላለች። ከቀናት በኋላ ናዝሬት ልብ ብላ ስታዳምጥ የሁሉም ወሬ አንድ ሆኗል። ኤልያቄም ረጅም ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በእግሩ መሄድ ይወዳል።

«ይሄን ማን ነገራችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። «አንቺ መስሎን ነበር» አለች ሰሀር።

ሦስቱ ቀን ሲሞላ ጋሽ ከበበው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ደንቡ ከሦስት ቀን በላይ አይፈቅድም» አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ካለ ግን እስኪደርስ ይጠበቃል ይላል። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለሽ?»

«አለኝ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«መንገድ ላይ ነው» አለች ናዝሬት።

በማግስቱ ሰውየው መጣ።

ማንም አመጣጡን አላየም። ናዝሬት ቀና ስትል በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ። እንደ ወጉ አንገቱን ደፍቷል። ውጭው ጭቃ ነው፤ የገባው ሰው ሁሉ ጫማው ላይ ግማሽ ሜዳ ተሸክሟል። የሱ ጫማ ግን ደረቅ ነው፤ ደቃቅ የበጋ አቧራ ለብሷል።

እትዬ በቀለች ንፍሮ ዘረጉለት። በመዳፉ ተቀበለ፤ እጅ ነሣ። ሲመሽ ልጆቹ ወንበሩን ሲያነሡ ንፍሮው እንዳለ፣ አንዷ ሳትጎድል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቆልሎ አገኙት።

«የማን እንግዳ ነው?» አለች ናዝሬት። ጋሽ ከበበው የጋሽ ጀማሉዲን ሰው መስሏቸው ነበር። ጋሽ ጀማሉዲን የጋሽ ከበበው። የብሎኩ ዘበኛ የናዝሬት።

በሚቀጥለው ቀን ሰውየው ከበሩ አንድ ወንበር ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ደግሞ አንድ። ማንንም አይጠጋም፣ ማንንም አያናግርም። ልጆቹ ግን እሱ ባለበት በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ቀኑ ሲገፋ እሱ ወደ መሀሉ ምሰሶ፣ ልጆቹ ወደሚያጠኑበት ቀረበ። አንድ ከሰዓት በኋላ ናዝሬት ከጎፋ ስትመለስ ሴናን ከጎኑ ተቀምጣ አገኘቻት። ደብተሯ ጭኗ ላይ እንደተዘጋ ነው።

ሰውየው ሲሄድ ልጅቷን ጠራቻት። «ማነው እሱ?»

«ኤልያቄም» አለች ሴና፤ የመምህሯን ስም የተጠየቀች ይመስል።

«ኤልያቄምማ ሞቷል» አለ ሚሳኤል ከወዲያ። «ስንት ጆንያ ዳቦ በልተንበታል!»

ጥቂት ልጆች ሳቁ። ሴና አልሳቀችም።

«ምንድነው የሚልሽ?»

«እህቴ ያለችበትን ያውቀዋል።»

ናዝሬት ማጅራቷ ላይ ቅዝቃዜ ሲሄድ ተሰማት። ሸራው ያፈሰሰው ጠብታ ነው አለች፤ እጇን ሰዳ ስትዳብስ ግን ደረቅ ነው። «ደላላ ነዋ! ስንት ጠየቀሽ?»

«ምንም። መንገዱ ቅርብ ነው አለኝ። ሲሄድ ይዞኝ ሊሄድ ነው።»

«መቼ?»

«ለቅሶውን ሲጨርስ።»

ናዝሬት በቀጥታ ጋሽ ከበበው ቤት ሄደች። ሰውየው ሴት ልጅ ሊወስድ የመጣ ደላላ ነውና ይባረርልኝ አለች። ጋሽ ከበበው በሩን ዘግተው አስቀመጧት።

«ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ማነህ አይባልም፣ ናዝሬት። እኔ በዚህ እድር ውስጥ ስኖር ተባለ ሲባል አልሰማሁም። ደመኛ እንኳ ለቅሶ ሲደርስ ቦታ ይለቀቅለታል። ደግሞስ ምን ብለሽ ታስወጪዋለሽ? ‹ለወንድምሽ ለቅሶ መጣሁ› ይልሻል። ‹ለቅሶ የለም› ካልሽው ድንኳኑም የለም ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ዕቃውን አስገባለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ዳቦ ተሸክሞ ሲመላለስ ከርሞ ተታልዬ ነበር ሲል፣ ክበብሽን ዳግመኛ ማን ዞሮ ያየዋል?»

ይህን እሷም ታውቃለች። ሰውየውን ለማስወጣት ድንኳኑን ማፍረስ አለባት። ድንኳኑ ከፈረሰ ልጆቹ ይበተናሉ፤ ሴናም ተመልሳ ታክሲ ተራው ጋ ትቆማለች።

ራሴ ላናግረው አለች። በማግስቱ ምሰሶው ሥር ከተቀመጠበት ሄዳ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለች። ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚባል ቃል ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች፤ ለሹፌርም ለዘበኛም። አሁን ግን ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምላሷ ደረቀ።

«ከየት ነህ?» አለች እንደምንም።

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።» ድምፁ እውነትም ለስላሳ ነው።

«ሟቹን ታውቀዋለህ?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ምን እንደሚመስል በኋላ ሰዎች ሲጠይቋት ልትናገር አልቻለችም፤ የምታስታውሰው የለመደችው ፊት መሆኑን ብቻ ነው። «ትመሳሰላላችሁ» አላት፤ መልሶም አንገቱን ደፋ።

ናዝሬት ወደ ውጭ ወጣች። ከድንኳኑ ጀርባ እትዬ በቀለች ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብለው እሳቱን ያራግባሉ።

«አናገርሽው?»

«ደላላ ነው። ልጆቹ የሟቹን ስም ነግረውት፣ እሱ ይቀልድብኛል።»

«ይሁን።» እትዬ በቀለች ጭሱን በእጃቸው ገፉት። «እናቴ ትል ነበር፤ ድንኳን ተተክሎ እንባ ካልፈሰሰበት፣ ያልተለቀሰላቸው ቦታ ያገኙ መስሏቸው ይገባሉ። እሱ መግባቱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ እንግዳ ነው፣ ይግባ። ማንን ይዞ እንደሚወጣ ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እኔ ንፍሮ ቀቃይ ነኝ። ሲጀመር ተናግሬያለሁ፤ ሳቃችሁ።»

ዓርብ ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ሜዳውን ኩሬ አደረገው። ከዝናቡ የሸሸውም ለቅሶ ሊደርስ የመጣውም ገብቶ ድንኳኑ ጢም ብሏል። ጋሽ ከበበው አሉ፤ ጋሽ ጀማሉዲንም ዳቦውን ራሳቸው ይዘው መጥተዋል። ሴና ዘግይታ ገባች። ዩኒፎርም አልለበሰችም። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ በእጇ ልብስ የተጠቀለለበት ፌስታል ይዛለች።

ሰውየው ተነሣ። ሴና አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

ያን ጊዜ ናዝሬትን ከምንም በላይ ያስደነገጣት ሰዉ ነው። ከለቅሶ ለሚነሣ ሰው እንደሚደረገው፣ ሁሉም ሳያስበው ጉልበቱን ወደ ጎን እየሰበሰበ መንገድ ከፈተ። አንዳንዱ ወሬውንም አላቋረጠም። ከምሰሶው እስከ በሩ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ሆነ፤ ከበሩ ማዶ ዝናቡ ብቻ ይታያል።

ናዝሬት መንገዱ መሀል ቆመች፤ የሴናንም እጅ ያዘች። እጇ እንደ በረዶ ነው።

«ቁጭ በይ።»

«ልንሄድ ነው፣ ቲቸር።»

«የትም አትሄጂም።»

«አንቺ ልጅ» አሉ አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ፣ «የሚነሣ ሰው አይያዝም፤ ነውር ነው።»

ናዝሬት ዞር ብላ ድንኳኑን አየችው። አግዳሚዎቹን፣ የዳቦውን ጆንያ፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የሚያዩዋትን ልጆች። ከዚያ ጮኸች።

«ማንም አልሞተም!»

የሚያወራው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ኤልያቄም የሚባል ሰው የለም። ወንድም የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ድንኳኑን ለማግኘት ነው የዋሸሁት። ዳቦ ያመጣችሁ፣ ውኃ ያመጣችሁ፣ ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ።» ወደ ሰውየው ዞረች። «አንተም ለማንም አልመጣህም። ልጅቷን ልቀቅና ውጣ።»

«ምንድነው ያለችው?» አለች አምባሻ የያዘች ሴት። ጋሽ ከበበው መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ አልጠረጉትም።

ሰውየው አልተቆጣም። ናዝሬትንም አላያትም። መንገድ እንደጠፋው ሰው ወደ ሴና ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ታዲያ ድንኳኑ የማን ነው?»

ሴና ሸራውን ቀና ብላ አየች። አግዳሚዎቹን አየች፤ ጭሱን፣ ንፍሮውን፣ የሰዉን ፊት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«የሌንሴ» አለች። «የእህቴ ነው።»

ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ፤ ከዚያ ጩኸቷ ወጣ። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ «እህቴን! ሌንሴዬን!» እያለች ስትጮህ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዘሎ ቆመ። እትዬ በቀለች ማማሰያቸውን እንደያዙ እየሮጡ ገቡ፤ ልጅቷን ደረታቸው ላይ ለጠፏት። «አልቅሺ፣ የኔ ልጅ፤ አልቅሺላት፤ አይዞሽ፣ አልቅሺ።» አምባሻ የያዘችው ሴት ለቅሶውን ከሁሉ ቀድማ ተቀበለች። ከዚያ የሁሉም እንባ መጣ፤ የሌንሴን መልክ የማያውቀውም አለቀሰ። ሚሳኤል አፉን በሁለት እጁ ይዞ ተንሰቀሰቀ።

ናዝሬት አላለቀሰችም። የሴናን እጅ እንደያዘች ቆመች፤ እንዳትለቅ ብቻ ነበር የምታስበው። ትንሽ ቆይቶ እጇ ውስጥ ያለው እጅ መሞቅ ጀመረ። ቀና ስትል ሰውየው የለም።

«በየት ወጣ?» አለች።

ከበሩ በቀኝ የነበሩት በግራ አለፈ አሉ፤ በግራ የነበሩት በቀኝ። ሚሳኤል በሩ ላይ ነበር የቆመው። «ማንም አልወጣም፣ ቲቸር» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

የሴና አክስት ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ስትመጣ በቁጣ ነደደች። ማን ነገራችሁ? ማን መርዶ አመጣ? ልጄ በሕይወት አለች፤ ሟርተኞች! እያለች የድንኳኑን ገመድ መንቀል ጀመረች፤ ሴቶቹ በግድ ያዟት። ጋሽ ከበበው ዕቃውን አስገባለሁ አላሉም። ለቅሶ ነው፣ ይቆይ አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

መርዶው በስልክ የመጣው ድንኳኑ ሳይነሣ ነው። ከሌንሴ ጋር ትሠራ የነበረች ልጅ የአክስትየውን ቁጥር ስትፈልግ ከርማ አግኝታ ደወለች። ናዝሬት አክስትየውን ደግፋ ተቀምጣ ነበርና መቼ ነው ያረፈችው ብላ ጠየቀች። አክስትየው ቀኑን ነገረቻት። ናዝሬት ሁለተኛ አልጠየቀችም። ስታቲስቲክስ ተምራለች፤ አጋጣሚ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሰኞ፣ የግንቦት የመጨረሻው ሰኞ፣ ድንኳን የተተከለበት ቀን፤ በዓለም ላይ በዚያ ቀን ስንት ሰው ሞቷል። እንዲህ እያለች ለራሷ ታስረዳለች። ቀኑን ግን ለእትዬ በቀለች አልነገረቻቸውም፤ ለሴናም።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሣር ቢጫ ሆኖ፣ ተረግጦ፣ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። ከበሩ እስከ ምሰሶው ድረስ ግን በየአግዳሚው ቦታ ለአንድ ሰው እግር የምትበቃ ለምለም ሣር ቆማ ነበር። ጋሽ ጀማሉዲን አዩት፤ ጋሽ ከበበውም አዩት። በከዘራቸው ነካ አደረጉትና ዘወር አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ናዝሬት ልትባረር የተጠራች መስሏት ክርክሯን አዘጋጅታ መጣች። ጋሽ ከበበው አጀንዳውን በአንድ ትንፋሽ አነበቡት፤ ከእንግዲህ ድንኳኑና ወንበሩ ለልጆቹ ክበብ፣ ለቅሶ በሌለ ጊዜ ሁሉ ይውጣ የሚል ነው። የሚደግፍ? ሁሉም እጁን ለድጋፍ አወጣ፤ ቶሎ፣ ሳይተያይ። እትዬ በቀለችም አወጡ።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ጋሽ ከበበው። «በማንም ስም አይውጣ። ለልጆቹ ይባል። ለልጆቹ ብቻ።»

«ሲጀመር ይሄንኑ ነበር የጠየቅኩት» አለች ናዝሬት።

ማንም አልሳቀም።

ሰኞ ድንኳኑ ተተከለ። ዳቦው መጣ፤ ሰዉም መጣ፤ ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ የባንክ ሠራተኛውም ተመልሶ ክፍልፋዩን ከተወበት ቀጠለ። ድምፁን ግን አሁንም ዝቅ አድርጎ ነው። ሴና ጥቁር ለብሳ ምሰሶው ሥር ትቀመጣለች። ደብተሯ ተከፍቷል፤ ትሠራለች። ከአጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

አንድ ቀን አዲስ የገባች ልጅ ያቺን ባዶ ቦታ አይታ ልትቀመጥ ስትል ልጆቹ ሁሉ ባንድ ላይ «ሰው አለ!» አሏት። ልጅቷ ደንግጣ ቆመች።

ናዝሬት ከወዲያ ጫፍ እየተራመደች መጣች። ትዕግሥቷ አልቋል። «ማንም የለም። ምን ያቆምሻል? ተቀመጪ።»

ልጅቷ የአግዳሚው ጠርዝ ላይ ፈራ ተባ እያለች ተቀመጠች።

ሴና ከደብተሯ ቀና አላለችም። ለልጅቷ ቦታ ልትለቅላት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ደግማ ፈቀቅ አለች፤ አግዳሚው ጫፍ እስክትደርስ፣ በሁለቱ መሀል አንድ ትልቅ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ እስኪከፈት ድረስ።